ይበላል የተባለው ደንገል

«አንተ ሰውዬ! እግርህን አንሳ!»

ተርብ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ጫማውን ነበር። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጫማ፣ ገና ትናንት የተከለችው ደንገል ላይ ተኮፍሶ ቆሟል።

«ይቅርታ... ሣር መስሎኝ ነው።»

«ሣር የመሰለህን ሁሉ ትረግጣለህ?»

«ሣር ካልተረገጠ ምን ይረገጣል?»

ስሟ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ቁጣዋን አይቶ «ተርብ» ብሏታል። የማዘጋጃ ቤት የዕፅዋት ባለሙያ ናት። ቆሻሻ መጣያ የነበረውን የሰፈሩን ረግረግ አጽድታ ወፎቹን መልሳለች። ከተማው ደግሞ ደልድሎ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ቋምጧል። ሹሞቹ መጥተው ረግረጉ ለምልሞ፣ ሰፈሩም ወዶት ካገኙ ብቻ ጥብቅ ቦታ ይሆናል። ባለጫማው ከዚያው ከማዘጋጃ ቤት የተላከውም ለዚሁ ነው፤ የየተክሉን ጥቅም ለሰፈሩ ሰው ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ። ድሮ የሳሙና ማስታወቂያ ይጽፍ ነበርና እሷም «ማስታወቂያው» አለችው።

እየተጨቃጨቁ ተላመዱ። አንድ ቀን «ደንገል የውሃውን ቆሻሻ ይበላል» ብላ ስታስረዳው ዓይኑ በራ።

«ቆሻሻ የሚለው ይቅር፤ ያስጠላል። አንድ ቃል ይበቃል!»

በትልቁ ጻፈው፦ «ደንገል ይበላል!»

አነበበችው። ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

«ይሁን» አለች።

ሰሌዳው በቆመ ማግስት ረግረጉ ራሰ በራ ሆኖ ጠበቃት። ደንገሉ ከነሥሩ ተነቅሏል። እየሮጠች ቤት ስትገባ እናቷ ድስት ያማስላሉ።

«እማዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺው ደንገል ነዋ! መንግሥት ራሱ ይበላል ብሎ ለጠፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸከም፣ የተካይዋ እናት ልቅር? ደግሞ ይመራል!»

ተርብ ሰውዬውን ሰሌዳው ሥር አገኘችው።

«ላልቶ ነው የሚነበበው! ደንገሉ ነው የሚበላው እንጂ ሰው አይበላውም!»

«ፊደሉ እኮ አንድ ነው! አንብበሽ ‹ይሁን› ያልሽው ማን ሆነሽ ነው?»

«እኔማ አላልቼ ነው ያነበብኩት!»

«አንቺ ደግሞ ምንሽ ይላላል? ሁለመናሽ ጠብቆ ነው የሚነበበው!»

«ጥፋ ከዓይኔ!»

ጠፋ። እሷም በንዴት አለቀሰች፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም።

ሹሞቹ በሚመጡበት ጠዋት ብቻዋን ልትጋፈጣቸው ወረደች። ማስታወቂያው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይተክላል። ቤት ለቤት ዞሮ፣ ከድስት የተረፈውን ሥር ሁሉ ለምኖ ሰብስቧል። ጎረቤቱም ተከትሎት ወጥቷል፤ እናቷ ሳይቀሩ ሳፋ ተሸክመዋል።

ዋናው ሹም ረግረጉን አየና ፈገግ አለ።

«ይኸው! ሰፈሩ አልፈለገውም፤ ነቅሎ በላው። ይደልደል!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ማስታወቂያው። «ሰፈሩማ የጻፍኩለትን ነው ያነበበው።»

«እንግዲያው ተባረሃል!»

«እሱ ከተባረረ እኔም ልባረር!» ተርብ ጮኸች። «አንብቤ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ! እናንተ ግን ቆሻሻ ሲጣልበት የት ነበራችሁ? ያኔ ማን ሊጎበኝ መጣ?»

እናቷ ሳፋቸውን አስቀመጡ።

«ሰፈሩ አልፈለገውም ያልከው አንተ ነህ? ያልፈለገውን ነገር ማን ይበላል?»

ጎረቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጭቃ በጭቃ የሆነው ሰው ሁሉ ሹሙን ከበበው። ሹሙ የሱሪውን ጫፍ ሰብሰብ አድርጎ፣

«እሺ... ጥብቅ ይሁን!» አለ። የማስታወቂያውን መባረር ግን አልሻረም።

ሹሞቹ ሲሄዱ ተርብ እንደተቆጣች ለማስታወቂያው አካፋ ወረወረችለት።

«ተባርሬያለሁ እኮ» አላት።

«እኔ አላባረርኩህም!»

«‹ጥፋ ከዓይኔ› ያለኝ ማን ነው?»

«አንዴ ጥፋ ሲሉት የሚጠፋ ሰው አለ? መንገድ መንገዱን ሳይ ነው የሰነበትኩት!»

ጭቃ የነካው እጇን ያዘው። አልነጠቀችውም።

«ንዴትሽ መቼ ነው የሚበርደው?»

«እስክናረጅ አይበርድም!»

«እስክናረጅ?... አብረን?»

«ታዲያ ለብቻዬ ማን ላይ ልናደድ!»