ዋናው ዳኛ የቀመሱት ጥፊ

አመፁ በከሸፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ የከተማዪቱ በሮች ሁሉ ተዘግተው ነበር፤ ለአመፀኞች አድልተዋል የተባሉትን ዋናውን ዳኛ የደበቀ ሁሉ አብሯቸው እንዲሰቀል አዋጅ ተነግሮ ነበርና። እሳቸው ግን በአንድ አንጥረኛ ቤት፣ ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው፣ ቡትቶ ለብሰው ወናፍ ይነፉ ነበር።

የአንጥረኛው ሚስት ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ሞተውባት ያሳደጓት እኚሁ ዳኛ ናቸው፤ አባቴ ስትል እሳቸውን ማለቷ ነው። ታዲያ እንደ ሎሌ «አንተ» እንድትላቸው ባሏ ማታ ማታ ቢያለማምዳት ምላሷ እንቢ አለ።

«እንዴት አድርጌ አባቴን አንተ ልበል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ በአንድ እርስዎ ሦስታችንም ገመድ ላይ እንወጣለን» አላት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ የመቶ አለቃ የፈረሱን ልጓም ሊያስጠግን ገባ። ብረቱ እስኪግል ቆሞ ሲጠብቅ ፍም ተፈናጥሮ ከወናፍ ነፊው እግር ሥር ወደቀ።

«ገለል ይበሉ፣ ያቃጥልዎታል» አለች ሴቲቱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የባሏ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

የመቶ አለቃው ቀስ ብሎ ዞረ። «ወናፍ ነፊ አንቱ የሚባለው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እሷን አይስሟት ጌታዬ፤ አህያችንንም እርስዎ ነው የምትላት» አለ ባል፣ መዶሻውን እያወረደ።

«እንግዲያው በጥፊ ምቺውና ልይ» አለ የመቶ አለቃው፣ እጁን ከጎራዴው ሳያነሣ።

ሴቲቱ ወደ ዳኛው ቀረበች። ዓይናቸው «ምቺኝ» ይሁን «ተዪኝ» የሚላት መለየት አልቻለችም። ከዚያ መታቻቸው፤ ቤቱ እስኪያስተጋባ መታቻቸው።

«አንተ ደነዝ፣ ዓይንህ አያይም?»

የመቶ አለቃው ሳቀና ልጓሙን ተቀብሎ ሄደ። እሷ እግራቸው ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ ዳኛው ጉንጫቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ያዩ ነበር እንጂ ተነሺ አላሏትም።

ዘመን ተገለባበጠና ዳኛው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ያን የመቶ አለቃ በአደባባይ ማሩት፤ ምሕረታቸውም ተጽፎላቸው ልጆች እስከ ዛሬ ይማሩታል። ለአንጥረኛው ቤት ስጦታ ላኩ፤ ያሳደጓት ልጅ ግን ደጃቸውን እንድትረግጥ አልፈቀዱም፤ በመጣች ቁጥር በረኛው «ተኝተዋል» ይላታል። ጠላትን ይቅር ማለት ያስመሰግናል፤ የራስን ውርደት ያየ ወዳጅን ፊት ለፊት ማየት ግን ይከብዳል፤ ታሪክ የመጀመሪያውን ብቻ ጻፈ።

እሷም እስክትሞት ድረስ፣ ከዳኛው ሰፈር የመጣ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር፣ «እሳቸው ደኅና ናቸው?» ብላ ትጠይቅ ነበር።