አረንጓዴው ድልድይ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴን ይቁረጠው።

የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያው ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ከእሱ ጋር ሲጨቃጨቅ የነበረው ሾፌሩ ተያዘ። «እህቴ ትሙት፣ ያኔ ድልድዩ ላይ መንገድ ተዘግቶብኝ ቆሜ ነበር!» ቢል ማን ይስማው? የመቆጣጠሪያው ትልቁ ስክሪን በዚያ ሰዓት ድልድዩን አረንጓዴ አድርጎ አሳይቷል፤ አረንጓዴ ማለት መንገዱ ክፍት ነው። ስክሪኑን የምትከታተለው ደግሞ ያቺው የማለባት እህቱ ናት። ወንድሟን የሚያስፈርድበት የገዛ ስክሪኗ መሆኑን ስታስብ ስክሪኑን በመዳፏ ትመታው ጀመር።

«ተረጋጊ እንጂ» አለቻት፣ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ። «ይሄ ነገር መንገዱን በምን ያውቃል?»

«ከሦስት ቦታ ሰብስቦ ያዋህዳል። አስፋልቱ ላይ የተዘረጋው ገመድ መኪና ይቆጥራል፤ የመንገደኛው ስልክ ፍጥነት ይናገራል፤ ካሜራው ያያል።»

«ካሜራው ምን አየ?»

«ሰማይ! አንድ ሰው ከዚሁ ከክፍላችን አዙሮታል። ማዞር የምንችለው የካሜራ ባለሙያው፣ ምክትል ኃላፊውና እኔ ነን።» የመርፌን እጅ ያዘች። «እባክሽ እትዬ፣ ዛሬ ወህኒ ሊያወርዱት ነው። ልጆቹን ምን ልበላቸው?»

መርፌ የካሜራ ባለሙያውን «የት ነበርክ?» አለችው።

«ጥርሴን ስነቀል! ጉድጓዱን ላሳይሽ?» ብሎ አፉን በረገደው።

«ዝጋው፣ አየሁት።»

ወደ ምክትሉ ዞረች። «ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ወዲያው አምቡላንስ ጠራሁ።»

መርፌ ወጣ ብላ የአምቡላንሱን ሰዎች አነጋግራ ተመለሰች፤ ሁሉንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበች። ሾፌሩ እጁ በካቴና እንደታሰረ መሃል ቆመ።

«ገመዱ መንገዱ ባዶ ሲሆን አይቆጥርም፤ መኪና ተጠቅጥቆ ሲቆምም አይቆጥርም» አለች። «የቆመ ስልክ ካየ ደግሞ ማሽኑ 'ቤቱ የተቀመጠ ሰው ነው' ብሎ ይጥለዋል። የሚቀሩት በመኪኖቹ መሃል የሚሹለከለኩት የሞተረኞች ስልኮች ናቸው፤ እነሱ በፍጥነት ያልፋሉ። ስለዚህ ያለ ካሜራ፣ የተዘጋ ድልድይ አረንጓዴ ይሆናል። ሾፌሩ አልዋሸም።»

«ታዲያ ይሄን እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ ምክትሉ።

«ሦስቱን የሚያዋህደውን ማሽን የሠራኸው አንተ አይደለህ? አምቡላንሱን ስትጠራስ 'በድልድዩ እንዳትመጡ፣ በታች ዙሩ' አላልክም? ሁሉም አረንጓዴ ሲያይ አንተ መዘጋቱን ማን ነገረህ? ሾፌሩ እዚያ መቆሙን በካሜራ አይተህ፣ ካሜራውን አዙረህ፣ ወደ ኃላፊው ገባህ።»

ምክትሉ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ባለፈው ወር አረንጓዴ ነው ብለን የላክነው አምቡላንስ እዚያው ተቀርቅሮ አንዲት ወላድ ሞተች። ኃላፊው ጥፋቱን በእኔ ላይ ሊያላክክ ነበር። ዛሬ ስልኩን ሳነሳ... ሌላ አምቡላንስ ወደዚያ ድልድይ መላክ አፌ እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ከሾፌሩ እጅ ወልቆ ምክትሉ እጅ ገባ። እህቲቱ እየሳቀች ወንድሟን አቀፈችው።

እሺ፣ አንዷን ፈጥሬያለሁ፤ ሳቋን። አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን እግር በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ «በቃ ተነሺ፣ ነጻ ወጣሁ እኮ» እያላት እንኳ አልለቀቀችም።