ከግመሏ ኋላ የተጻፈው

«ኧረ ነይ እዪ! ይቺ ግመል በላስቲክ ቱቦ ሻይ ትጠጣለች!» ፊልሳን የፋይዛን እጅ ይዛ በተማሪዎቹ መሀል ጎተተቻት።

ፋይዛ ተጎተተች። እንቢ ለማለትም አቅም አልነበራትም። የሙዚየሙ አዳራሽ በሳቅ ሊፈርስ ነው። መቼም የዚች ቀራጺ፣ የሆዶ ነገር ጉድ ነው! የትራፊክ ፖሊስ ቆብ ያደረገች የብረት ፍየል መኪና ታስቆማለች፤ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አራት እግር አውጥቶ በሸበጥ ቆሟል። የግመሏ ሻኛ ጀሪካን፣ ዓይኖቿ የባጃጅ ስፖኪዮ ናቸው። ፋይዛ ግን አልሳቀችም። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶ እንዳደነዘዘው ድድ፣ ሳቁም ለቅሶውም አይሰማትም።

ከቀብሩ በኋላ ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ወደ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ተዛወሩ፤ ትምህርት ቤትም ቀየረች። ያኔ ፊልሳን «አባትሽ ምን ይሠራል?» ስትላት «ዱባይ ነው» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጠ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእሷ ግን እያደር ከበደ። ፊልሳን አንዴ «ሲመጣ ሽቶ ያምጣልን» ትላለች፣ አንዴ «ለዒድ ይመጣል አይደል?» ትላለች።

ግመሏን ዞረው ከኋላ ሲደርሱ ፋይዛ ደርቃ ቀረች። የግመሏ ቂጥ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሰማያዊ የባጃጅ ቆርቆሮ ነው። በነጭ ቀለም የተጻፈበት ነገር ተዘቅዝቋል፣ ግማሹም ተፍቋል። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። የባጃጅ ሾፌር ጓደኞቹ አባቷን በስሙ ሳይሆን በእሷ ስም ነበር የሚጠሩት። እሱም ኮርቶበት፣ ድንበር ተሻግሮ ከሐረር ይዞት በመጣው ፊደል ባጃጁ ላይ ጻፈው። እሱ ከሞተበት አደጋ በኋላ አጎቷ የተጨማደደውን ባጃጅ ለብረት ገዢዎች ሰጥቶት ነበር።

«ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» አለ መምህራቸው ዒሴ።

«እኔም አላውቅም» አለች አብራቸው የምትዞረው ሆዶ እየሳቀች። «አሮጌ ብረት መሀል አገኘሁት፣ መልኩን ወደድኩት። እስቲ ገምቱ!»

«ህንድኛ ነዋ!» አለች ፊልሳን። «ባጃጅ ከህንድ አይደል እንዴ የሚመጣው?»

«የጂኒ ጽሑፍ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም አውካኩ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አባቷ ዱባይ እንዳለ ይቀራል። እሷም ቤቷ ገብታ እንደ ወትሮው ትበላለች፣ ትተኛለች። እሱ ግን እዚህ በአናቱ ተተክሎ፣ የመጣው የሄደው ይስቅበታል። ይሄ አናደዳት። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተናደደች እንኳ አታስታውስም።

«ህንድኛ አይደለም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «አማርኛ ነው። ገልብጠሽው ነው።»

«ወላሂ?» ሆዶ ወደ ቆርቆሮው ጎንበስ አለች። «ምን ይላል ታዲያ?»

«የፋይዛ አባት።»

«የትኛዋ ፋይዛ?» ፊልሳን መሳቅ ጀመረችና መሀል ላይ አቆመች።

ሆዶ ቀስ ብላ «ነቅዬ ልስጥሽ?» አለቻት።

ፋይዛ አሰበችበት። «አይ፣ እዚሁ ይሁን። ብቻ ይቃና። እኔው ልፍታው።»

ሆዶ ካቻቢቴ አመጣችላት። መምህር ዒሴ ሌሎቹን ወደ ፍየሏ ይዟቸው ሄደ። ብሎኖቹ ጠንክረዋል። ፊልሳን ከጎኗ ተንበረከከችና ጆሮዋ ሥር «አባትሽ ባጃጁን ሸጦ ነው ዱባይ የሄደው?» አለቻት።

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚቀራት። ጓደኛዋ ራሷ በሩን ከፍታላታለች።

ፋይዛ እጇን ከብሎኑ ላይ ሳታነሳ «ዱባይ አልሄደም» አለች። «ዋሽቼሽ ነው። ሞቷል።»

ይህን ቃል ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው። እንባ አልመጣም። ጉሮሮዋን ግን አመማት፣ ማመሙም ገረማት።

«ኢና ሊላሂ...» አለች ፊልሳን።

«ያዢልኝ እንዳይወድቅ፣ አንድ ብሎን ነው የቀረው» አለች ፋይዛ።

ፊልሳን ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው።