የማላኪ ቁራሽ ዳቦ

የምነግራችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ባላምን በወደድኩ።

ጥቅምት ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ፀሐዩ ደማቅ ነው።

ምዕራብ አየርላንድ፣ ከቤታችን በላይ አምስት የፈራረሱ ቤቶች አሉ። የዛሬ መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ ድንቹ በበሽታ ጠፍቶ ረሃብ ሲገባ ሰዎቹ እዚያው አለቁ። ሲገኙ አፋቸው ሳር ጎርሶ ነበር ይባላል። ቅድመ አያቶቻችን እህል እያላቸው በር እንደዘጉባቸውም ይባላል... ይህን ግን እኛ ቤት ማንም አያነሳውም።

በዚያ ሜዳ የሚያልፍ ሰው ኪሱ ውስጥ ቁራሽ ዳቦ ይይዛል። እነሱ የሞቱበትን ሳር ከረገጠ በድንገት ይርበዋል። ቶሎ ካልቀመሰ ይሞታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ቀን በጎቹን ልናመጣ ስንወጣ እማዬ ለእኔም ለታላቅ ወንድሜ ለማላኪም ቆርሳ ሰጠችን።

የእኔን መንገድ ላይ በላሁት። ከዚያ የማላኪን ከኮቱ ኪስ ሰርቄ በላሁ።

ልስቅበት ብዬ። ርቦኝ እንኳ አልነበረም!

የድንጋይ አጥሩ ጋ ስንደርስ ውሻችን ቁጭ አለ። አልንቀሳቀስም አለ።

"ተወው፣ እንዳንተ ሰነፍ ነው" አለኝ ማላኪ። አጥሩን ዘሎ ገባ።

አሥር እርምጃ ያህል ሄደ...

ቆመ።

ነፋስ የለም። እግሩ ሥር ያለው ሳር ግን ይወዛወዛል።

"ፊንባር... ራበኝ።"

"አሁን አይደል እንዴ አንድ ድስት ድንች የጨረስከው? ሆዳም!"

በጉልበቱ ወደቀ። አንዱን ኪስ ፈተሸ... ሌላውን...

"ዳቦዬ የለም! ያንተን ወርውርልኝ!"

"ጠፍቶብኛል" አልኩት። ፍርፋሪው ገና ጥርሴ ውስጥ ነበር።

ሳሩን እየነጨ ይጎርስ ጀመር።

ሮጬ እማዬንና ዳቦ ይዤ ስመለስ ሞቷል። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ፊቱ ግን ለወራት የተራበ ሰው ፊት ሆኗል፤ ከንፈሩ አረንጓዴ።

እማዬ አላለቀሰችም። ኪሶቹን ፈተሸች። ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ። ሹራቤ ላይ ፍርፋሪ ነበር።

በጣቷ አራገፈችልኝ።

"ጣፈጠህ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ከቀበርነው ሦስት ሳምንት ሆነው። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩን ከፈተችልኝ።

"በጎቹን አምጣ።"

"ዳቦስ... እማዬ?"

"አንተ ጠግበሃል።"

ከኋላዬ ቆለፈችው። ባንኳኳም፣ ባለቅስም አልከፈተችልኝም።

አሁን አጥሩ ላይ ተቀምጬ ነው በስልኬ የምጽፍላችሁ። ውሻው አልተከተለኝም። በጎቹ ሜዳው ዳር ተጠጋግተው ቆመዋል።

ማላኪ የወደቀበት ቦታ ሳሩ እስካሁን እንደተኛ ነው።

ነፋስ የለም...

ከጎኑ ያለው ሳርም፣ እያየሁት፣ በእኔ ቁመት ልክ ቀስ እያለ እየተኛ ነው።