መርዶ ነጋሪዋ እናት

በሰው አገር፣ በፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኩቶ እትዬ እታለም ነጠላቸውን ደርበው ቆመው ካየ ገና ሳይናገሩ "ማን ሞተ?" ይል ነበር። በዚያ ሰዓት ለሌላ ጉዳይ አይመጡማ! አገር ቤት አባት ቢሞት፣ ኢንግልዉድ ውስጥ አንዱ ታክሲ ነጂ ተኝቶ ቢቀር፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚደውሉት ለእሳቸው ነው። መርዶ ለመንገር አፍ ያለው ሁሉ ይችላል፤ ሰውየው ሲወድቅ ደግፎ የሚይዝ አንደበት ግን የነበራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቀን ቀን ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። መንገድ ላይ አይቷቸው የሚደነግጥ ሰው ሲያጋጥማቸው "አይዞህ ልጄ፣ እኔ ከቁርስ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ነኝ" እያሉ ያስቁት ነበር።

እኚህን የመሰሉ እናት ዕድሜ ምን አደረጋቸው? በመጀመሪያ መንገድ ጠፋቸው። ቀጥሎ የሰው ስም። አንድ ቀን ፓልምስ ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው፣ "የዚህ ቤት ባለቤት መቼ ነው የምትመጣው?" ብለው የገዛ ልጃቸውን ሐሌታን ጠየቋት። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። ሐሌታ እናቷን ለባዳ አልሰጥም ብላ ሥራዋን ተወች። ቀለበት ያሰረላት ሰውም ጥቂት ወራት ታገሠና፣ "ሶ፣ የምትመርጪው እኔን ነው ወይስ እናትሽን?" አላት። መልሷን እንኳ ሳይጠብቅ ሄደ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

የቀራቸው ሲሞን ነበር። የሐሌታ ታላቅ ወንድም ሲሞን ከሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና እናቱን በመኪናው ጭኖ ባሕር ዳር ሲያንሸራሽራቸው ይውላል። እትዬ እታለም ስሙን ረስተውታል፤ ደረጃው ላይ ኮቴውን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይፈካና "ያ ጥሩ ሰው መጣ" ይላሉ። ያኔ ሐሌታ ትተኛለች። ከሳምንቱ እንቅልፍ ብላ የምትቆጥረው ያንን ብቻ ነበር።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ... አንድ የግንቦት ቀን ሲሞን ወደቡ በር ላይ ተራ ይዞ እንደ ቆመ መሪው ላይ ድፍት ብሎ ተገኘ። ልቡ ነበር። ከኋላው የተሰለፉት ሹፌሮች ለምን አይንቀሳቀስም ብለው ጡሩምባ ሲነፉበት፣ እሱ ጡሩምባ ከማይሰማበት አገር ደርሶ ነበር። ሞት ሆይ፣ ከዚያ ቤት ሌላ የምትወስደው አጣህ? ሐሌታን ማንም በወጉ አላረዳትም። አንድ የማታውቀው ሰው በስልክ "አይም ሶሪ" አላት፤ በቃ ያ ነበር መርዶዋ።

የእናትየው ግን እንደ ደንቡ በማለዳ ሆነ። ከባሕር የመጣው ጉም ሰፈሩን ውጦት፣ ከጃካራንዳ ዛፎቹ ሥር የረገፈው ሐምራዊ አበባ ብቻ ይታይ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ዳኜ ሰው አስከትለው ደረጃውን ወጡ። እትዬ እታለም በሩ ላይ የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ነጠላቸውን አነሡ፤ ጫማቸውንም ይፈልጉ ጀመር።

"መጣሁ፣ መጣሁ" አሉ። "ዛሬ የማን ቤት ነው?"

ጋሽ ዳኜ፣ ያ ሁሉ ሽበት ያላቸው ሰው፣ መቃኑን ተደግፈው እንባቸውን ማቆም አቃታቸው። "እዚሁ ነው እትዬ" አሉ በመጨረሻ። "ዛሬ እዚሁ ነው የመጣነው።"

ሲሞን መሆኑን ሲነግሯቸው እናቷ የጮኹትን ጩኸት ሐሌታ እስክትሞት አትረሳውም። እናቲቱ ግን ረሱት። ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ "ምነው ይህ ሁሉ ሰው? ያ ጥሩ ሰው ዛሬ አይመጣም እንዴ?" አሉ። ሐሌታ ነገረቻቸው፤ እንደ አዲስ ጮኹ። በማግስቱም ጠየቁ፤ አሁንም ነገረቻቸው፤ አሁንም ደረታቸውን እየደቁ መሬት ወደቁ። አንዲት እናት አንድ ልጇን ስንት ጊዜ ትቅበር?

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ማንም እንዳያለቅስ" አለች ሐሌታ። "እንባ ካየች ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ደግሜ ብነግራት ትሞትብኛለች።"

"አንቺስ ልጄ? አንቺ የት ታለቅሺያለሽ?"

"እኔ ኦኬ ነኝ።"

ኦኬ አልነበረችም። የወንድሟን ቀብር እናቷን ትታ መሄድ ስላልቻለች መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ በስልኳ ነው ያየችው። ለአጭር ጉዳይ ከቤት ስትወጣ መኪናዋ ውስጥ ጥቁር ትለብሳለች፤ ስትመለስ አውልቃ ባለ አበባ ቀሚሷን ታጠልቃለች። "ያ ጥሩ ሰውስ?" ሲሏት "ረጅም ሺፍት ይዞ ነው እማዬ፣ ቴክሳስ ሄዷል" ትላለች። አንድ ቀን ብቻዋን መኪና ፓርክ አድርጋ ላልቅስ ብትል እንባው እምቢ አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ የዋጠችው ነገር ውስጧ ደርቆ ቀረ። እንቅልፏም ምግቧም ጠፋ፤ ስትሄድ መሬቱን የምትረግጥ አይመስላትም ነበር። እናትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያየ ህልም እያዩ ሰነበቱ፤ አንደኛዋ ሁሉን ረስታ፣ አንደኛዋ ምንም መርሳት አቅቷት።

አንድ ማለዳ ሐሌታ ሶፋው ላይ እንደ ተቀመጠች ሸለብ አድርጓት ነበር። የእናቷ መኝታ ክፍል በር በቀስታ ሲንኳኳ ነቃች። መስኮቱ ጉም ብቻ ነው፤ ቤቱ ደመና ላይ የተሠራ ይመስላል። እትዬ እታለም ከመኝታ ክፍላቸው ወጥተው፣ የነጠላቸውን ጥበብ ወደ አንገታቸው አዙረው፣ እንደ ሐዘን ደንብ ለብሰው ቆመዋል።

"ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ?"

"እማዬ፣ ምነው ተነሣሽ?"

አላወቋትም። ቀረብ ብለው አጠገቧ ተቀመጡና ሁለት እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። አልቸኮሉም። "ሰዎቹ ልከውኝ ነው" አሉ። "ወንድም አለሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?"

ሐሌታ ፊታቸውን አየች። አስታወሱ ማለት ነው? አሁን ሊጮኹ ነው? "አለኝ" አለች እየፈራች።

"ጥሩ ሰው ነው አሉኝ። እናቱን እየወሰደ ባሕር የሚያሳይ ነው አሉኝ።" እጇን ጠበቅ አደረጉ። "ደከመውና አረፈ። ብቻውን ነበር ብለሽ እንዳታስቢ፤ ጌታ አብሮት ነበር። ብዙ ቤት ገብቻለሁ፣ የምነግርሽን አውቃለሁ።"

ድምፃቸው የድሮው ድምፅ ነበር። አንዲት ቃል አልተደናቀፈችባቸውም። ሐሌታ፣ "እናቱስ?" አለች። "እናቱ ሰምታለች?"

እትዬ እታለም ወደ መኝታ ክፍሉ ዘወር ብለው አዩ፤ ሰው ተኝቶ እንዳለ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እናቱ ታማለች አሉ። እሷ አትችለውም፤ ለእሷ አትንገሯት። አንቺ ግን አልቅሺ፣ የኔ ልጅ። ይዤሻለሁ፤ አትወድቂም።"

አለቀሰች። ወንድሟን በስሙ እየጠራች፣ በእናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሳቸው ጀርባዋን እያሻሹ፣ ባልቴቱንም ወጣቱንም በስንትና ስንት ቤት እንዳጽናኑ ሁሉ፣ አብረዋት በዝግታ አነቡ። ስሙን ሲሰሙ አልጮኹም። ያወቁት የት ነው? ከየትኛው የተዘጋ ጓዳ አወጡት? እንጃ፣ ያንን የፈጠራቸው ያውቃል። ጉሙ ሲገፈፍና ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ስታርፍ ሁለቱም እዚያው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እትዬ እታለም በዚያው ዓመት፣ አዲሱ ዓመት ሳይገባ አረፉ። ጋሽ ዳኜ ማን ያርዳት ብለው ሲጨነቁ፣ ለካ ሐሌታ እናቷ ሲያርፉ እጃቸውን ይዛ ነበር። ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ናት፤ ከአንዲት እናት የልጇን ስምም ልጇንም ቀምታ ትሄዳለች። ሆኖም ሰው ለባዕድ ሲያደርገው የኖረው ደግነት በየትኛው ማለዳ ወደ ገዛ ቤቱ እንደሚመለስ ማን ያውቃል? እኚያ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኩ ኖሩ፤ በመጨረሻ የገቡት የልጃቸው ቤት ነበር።