የቀማሹ ኮዳ

ቀማሹ ቲጃኒ በጅማ የቡና ቅምሻ ክፍል ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው በኅዳር 1974 ዓ.ም.፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ቀማሽ ቡናውን ይተፋል እንጂ አይውጥም። ቲጃኒ የዋጠው ከቤቱ ካመጣው ኮዳ ውሃ ብቻ ነበር። ኮዳውን የሞላችው ሚስቱ ኩልሱም በመሆኗ የአብዮት ጥበቃዎች እጇን አስረዋታል፤ ወደ ወህኒ የሚወስዳት መኪና ደጅ ቆሟል።

መርማሪው ሻምበል ሣህሉ ኮዳውን ከፍቶ ወዲያው ፊቱን አዞረ። ሽታው የተባይ መድኃኒት ነው። ከዚያ በክፍሉ የነበሩትን ሁለት ሰዎች ስለ ቁርሳቸው ጠየቀ፤ ቀጥሎም ስለ ሟቹ።

ጸሐፊዋ ጥሩወርቅ የበላችውን አላስታወሰችም። ሁለት ሰዓት ላይ ቲጃኒ ከኮዳው ቀድቶ ውሃ እንደሰጣት ግን ተናገረች። «ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር» አለች። የለበሰውን ስትጠየቅ አላወቀችም።

ኢስሃቅ ሌላው ቀማሽ ነው፤ የሟቹ የሃያ ዓመት ጓደኛ። የቁርሱ ዳቦ ጭስ ጭስ እንደሚል፣ ቅቤው እንደከረመ ዘረዘረ። ስለ ቲጃኒ ሲጠየቅ ግን «ኑሮ ሰልችቶት ነበር፣ ጓድ ሻምበል» ብሎ አበቃ።

ኩልሱም ኮዳው ሲቀርብላት በታሰረ እጇ አፍንጫዋን ሸፈነች። «ወላሂ፣ ይህን እንዴት ጠጣው? እሱ እኮ ቀማሽ ነው።»

ሻምበሉ የቅምሻ ወረቀቶቹን አስመጥቶ ካየ በኋላ ሦስቱን በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበ።

«ጥሩወርቅ ጠጥታ ምንም አልሆነችም፤ ስለዚህ ውሃው ከቤት ሲወጣ ንጹሕ ነበር» አለ። «አንዳንድ ሰው ነገርን በአፍንጫና በዓይኑ ይይዛል፤ ሌላው ትርጉሙን ይይዛል። ጥሩወርቅ ሽታውን ባትጠቅስ አይገርመኝም። ኢስሃቅ፣ አንተ ግን የዳቦ ጭስ የማታልፍ ሰው ነህ። ጓደኛህ አጠገብህ ሲወድቅ ግን ሽታውን ሳትጠቅስ እንደ እሷ ትርጉም ብቻ ነገርከኝ።»

ወረቀቶቹን ዘረጋ። ስድስት ወር ሙሉ የቲጃኒ ውጤት የኢስሃቅ ግልባጭ ነበር፤ ኢስሃቅ የሰረዘው እንኳ ተሰርዟል። የዛሬው የቲጃኒ ወረቀት ባዶ ነው፤ ከሥሩ «ማሽተት ካቆምኩ ስድስት ወር ሆነኝ» ብሎ ፈርሟል።

«እንዲህ የሚሸት መርዝ የሚጠጣው ማሽተት የማይችል ሰው ነው። ይህን የሚያውቀውም ሲሸፍንለት የኖረው ብቻ ነው።»

ኢስሃቅ ወረቀቱን ገፋው። «ለምኜዋለሁ። ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች እናገራለሁ አለ። በወረቀቶቹ ላይ የእኔም ፊርማ አለበት፤ በኢኮኖሚ አሻጥር ይረሽኑኝ ነበር። የሸፈንኩለት እኔ፣ አሳልፎ ሊሰጠኝ የነበረው እሱ።»

ጥበቃው የኩልሱምን እጅ ፈታ። እሷ ግን አልተነሳችም።

«ስድስት ወር ሙሉ ወጡ ጣመህ ወይ ስለው፣ በጣም ይለኝ ነበር» አለች ኢስሃቅን እያየች። «ለካ እውነቱን የሚነግረው ለአንተ ነው።»