እቴነሽ ደህና አደረች

በከርሰ ጨው ከተማ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ» የሚለው ግድግዳው ነው። ከጨው ሜዳው ሥር ለተቆፈረችው ለዚያች ከተማ ፀሐይ ስለማይደርሳት መንጋቱ የሚታወቀው በእሱ ድምፅ ነው። ስሙ ጠያቂው ይባላል። የጤና መድን ድርጅቱ በየመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተከለው፣ የነዋሪውን ጤና እየጠየቀ የሚከታተል የማሽን አእምሮ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ እቴነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ» አለች እቴነሽ፣ ራሷ እንደ ድንጋይ ከብዷት፣ አፏ ኩበት መስሎ ደርቆ።

የምን ደህና! የእንቅልፍ ትንፋሽ መታፈን የሚሉት ሕመም አለባት። ስትተኛ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ ከዚያ እያንኮራፋች ትባንናለች። ሌሊቱን ስትታገል ታድርና ቀን ዓይኗ አልገለጥ ይላል። ሐኪሟ ያውቃል፣ መሣሪያም አዝዞላታል። ግን ይህን ለግድግዳ፣ ያውም ምራቷ ከጎን ክፍል እየሰማች እንዴት ብላ ትናገር? ሴት ልጅ፣ በዚያ ላይ አማት፣ «አንኮራፋለሁ» ትላለች? ሞታ ትገኛለች እንጂ!

ሥራዋ ሰዎችን ከከተማዋ ወደ ምድር ላይ የሚያወጣውን ትልቁን አሳንሰር መንዳት ነው። ሰኞ ዕለት መሪውን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳትና አሳንሰሩ ከነተሳፋሪው መሃል መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ነፍሰ ጡር ሴት ነበረችበት። ማንም ባይጎዳም ጩኸቱ ከእቴነሽ ጆሮ አልወጣ አለ። አለቃዋ ኢንጂነር ሐዋዝ ሰው ፊት አልተቆጣትም፤ ለብቻዋ ጠራት።

«እትዬ፣ እርስዎን እንዲህ ማለት ይከብደኛል። ግን እስከ ዓርብ ልክዎ የሆነ ትንፋሽ ጠባቂ ካላገኙ የአሳንሰሩን ቁልፍ ይሰጡኛል።»

ምነው በጮኸብኝ አለች በሆዷ።

ትንፋሽ ጠባቂ ማለት ሲተኙ አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብልና፣ ጉሮሮ እንዳይዘጋ አየር የሚገፋ ትንሽ ሞተር ነው። መሣሪያውስ አላት። የመሣሪያው አቅራቢ የላከላት ጭምብል ግን የጎረምሳ ፊት ልክ ነው። አየሩ በጉንጯ በኩል እያፏጨ ያመልጥና ዓይኗን ያደርቀዋል። ሞክራ ሞክራ ሣጥን ውስጥ ወረወረችው። እሱ ሳያንስ ምራቷ ማስተዋል ሌሊት ሌሊት ግድግዳውን ትደልቃለች። እቴነሽም ይህን ሌሊት ሥራ ለሚያድረው ልጇ ከመንገር አልተመለሰችም። «ሚስትህ ተራጋጭ ናት፣ እንቅልፍ ነሳችኝ» ብላዋለች።

ማክሰኞ ሌላ ጭምብል እንዲላክላት አመልክታ ነበርና ረቡዕ ጠዋት መልሱን ልትሰማ መድን ድርጅቱ ሄደች። ሙባረክ የሚባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበላት።

«እትዬ፣ ጥያቄዎ ውድቅ ሆኗል። መዝገብዎ ደህና ይተኛሉ ይላል።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት» አለና አንድ ነገር ነካ።

የገዛ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ። ደግሞ ሌላ ቀን፣ ደህና አደርኩ። ቀጥሎ አቅራቢው «ጭምብሉ ልክ ሆነልዎ?» ሲላት የመለሰችው መጣ፦ «ኧረ ምንም አይልም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፋችሁ!»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። እቴነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ተመኘች፤ ድሮውንም ከመሬት ሥር መሆኗን ረሳችው።

«ታዲያ እንዴት አደሩ ሲለኝ ምን ልበለው? ሰው የለፋበትን ዕቃስ ፊቱ ላይ ልወርውርበት?»

«እናቴም እንደዚሁ ናት» አለ ሙባረክ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። ከዚያ ጠያቂው እዚያም ወደተተከለበት ግድግዳ ዞረ። «ጠያቂው፣ አንተስ ሌሊት አትሰማም እንዴ?»

«እሰማለሁ» አለ ጠያቂው። «ትንፋሻቸው ሲቆምም ሲመለስም እሰማለሁ። የሠሩኝ ሰዎች ግን፣ ጆሮህ ሌላ ሰምቶ ሰውየው ሌላ ቢልህ ሰውየውን እመን ብለውኛል። እሳቸውን አመንኩ።»

ይሄኛው ከሳቁ ይልቅ አንገበገባት። በዕድሜዋ እንዲህ ያመናት ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ በየቀኑ ስትዋሸው ኖራለች።

«በቃ፣ አሁን እውነቱን ልናገር!»

«አሁንማ ለሥራዋ ስትል ነው ይባላል። ከእርስዎ ቃል ሌላ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛ ሰው መመስከር አለበት» አለ ሙባረክ። ጭንቅላቱን አከከ። «ምራትዎን ጠይቀናት ነበር።»

«ምን አለች?»

«ኧረ የእማማ ኮሽታቸውም አይሰማም፣ ነው ያለችው።»

ቤት ስትገባ ማስተዋልን ልብስ ስታጥፍ አገኘቻት። እቴነሽ አጠገቧ ተቀምጣ አንዱን ልብስ ማጠፍ ያዘች።

«ማስተዋል፣ ጠያቂው ሲጠይቅሽ… ታንኮራፋለች በይው።»

«እኔ? ምላሴን ይቁረጠው!»

«በእናትሽ። እንጀራዬ ነው።»

«እማማ፣ እኔ እርስዎን ለግድግዳ አላማም» አለችና ልብሱን ሳትጨርስ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ተፋፍረው ሐሙስን ቀና ብለው ሳይተያዩ አሳለፉ።

ዓርብ ነጋ።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ እቴነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስ…» ምላሷ ለምዶ ቀደማት። ያዝ አደረገችው። ፊቷ ጋለ። «ደህና አላደርኩም። አንኮራፋለሁ። ስታፈን ነው ያደርኩት።»

«ሰማሁ» አለ ጠያቂው። ወዲያው ከጎን ክፍል ያው ድምፅ ተሰማ። «እንዴት አደርሽ፣ ማስተዋል?»

እቴነሽ የምራቷን ባህሪ ስለምታውቅ ተስፋ ቆረጠች፤ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«አልተኛሁም» አለች ማስተዋል በቀጭን ድምፅ።

«ለምን?»

«እማማ ያንኮራፋሉ። ሲያንኮራፉማ ደስ ይለኛል፤ በሕይወት አሉ እላለሁ። የሚያስፈራኝ ዝም ሲሉ ነው። ዝም ሲሉ ትንፋሻቸው እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ሲዘገይብኝ ግድግዳውን እደልቃለሁ። ያኔ ይመለሳል።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አላት ጠያቂው።

«ወደዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ።»

እቴነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ተራጋጭ ያለችው ሰው ሌሊት ሌሊት ከሞት ሲመልሳት ኖሯል።

«ልክዎ የሆነው ጭምብል ዛሬ ይደርሳል» አላት ጠያቂው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ወይዘሮ እቴነሽ፣ እኔም እሷም እኩል እንሰማ ነበር። ግድግዳውን መምታት ግን እኔ አላሰብኩም።»

እቴነሽ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና ልታንኳኳ እጇን አነሣች። ከወዲያ ምንም ድምፅ የለም። ማስተዋል ምናልባት ገና አሁን እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል ብላ እጇን መለሰች።